ኪቦርድ ነኝ ያለ ሁሉ

ኪቦርድ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ። ያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚውለው፣ በቁልፎቹ መካከል የዳቦ ፍርፋሪ የሚያጠራቅመው ተራ ኪቦርድ ማለቴ ነው። እኔ ፈርቼው አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል ውሃ አላሰኘኝም ነበር። እኔ ብቻ ብፈራ ደግሞ ደህና፤ ጭንቀቴን ለሰው ሁሉ አከፋፈልኩና አንዲት ምንም የማታውቅ ሴት ሩቅ አገር ልትባረርበት ምንም አልቀራትም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ ራሴን ንጹሕ ለማድረግ ስሞክር ትይዙኛላችሁ።

የምሠራው ሮቤ ውስጥ፣ ለገበሬ ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱ እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ረጋ ያለ ነው ተብሎ ይታሰባል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቂጤ ወንበር አይወድም። እናቴ «ይሄን ልጅ ጉንዳን ነው እንዴ የወረረው?» ትል ነበር። አንድ ደብዳቤ ፋይል ለማድረግ አራት ጊዜ እነሳለሁ፣ መሳቢያዬን ስድስት ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ መሃል ላይ መስኮቱ ጋ ሄጄ ዝናቡ መጣ አልመጣ ብዬ አያለሁ።

ከሥራ አስኪያጃችን ከኦቦ ጀማል የሚለየኝ አንድ የችፑድ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ከወዲህ «ይማርዎ» እላለሁ። በመጋቢት ኪቦርዳቸው ሻይ ጠጥቶ የሞተ ጊዜ የግሌን ገመድ አልባ ኪቦርድ ለአንድ ሳምንት ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲስ ሲወጣላቸው የእኔን መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ረሳሁትም። እናንተም ለጊዜው እርሱት።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ጎባ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ርዕሱ የኮምፒውተር ደኅንነት ነበር። የተላክሁት ስለማውቅ እንዳይመስላችሁ። ኦቦ ጀማል «ሦስት ቀን እዚህ ባይንጎራደድ ወለሉም ያርፋል» ብለው ነው። በችፑዱ በኩል ሰምቻቸዋለሁ።

አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

«ኮምፒውተር የዋህ ነው» አለን። «ፍላሽ ስትሰኩበት አንዳንዴ ይመረምራል። ኪቦርድ ስትሰኩበት ግን አይጠይቅም። ኪቦርድ ማለት ለእሱ የባለቤቱ ጣት ነው፤ የተጻፈለትን ሁሉ ይፈጽማል። ስለዚህ ክፉ ሰው ፍላሽ የሚመስል ዕቃ ይሠራና ሲሰካ ‹ኪቦርድ ነኝ› ብሎ እንዲዋሽ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩም ግባ ይለዋል።»

«መታወቂያ ሳይጠይቅ?» አልኩ፣ እጄን ሳላወጣ።

«ሳይጠይቅ።»

የእኛ አገር ሰው ነው እንዴ! እንግዳ ነኝ ያለውን ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ የሚያስተናግድ። አሠልጣኙ አላቆመም። በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መካከል ገብታ የምትጽፉትን እያንዳንዱን ፊደል የምትለቅም የአውራ ጣት ያክል ዕቃ አለች አለን። ማውስም አይታመንም፣ የቻርጀር ገመድም አይታመንም፣ ገመድ አልባውማ ወሬውን በአየር ላይ ነው የሚልከው አለን። ሌላው ሠልጣኝ ማስታወሻ ይይዛል፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ቴፑ ላይ ሙዚቃ የጫነ ፍላሽ ሰክቷል። ዝም ማለት አቃተኝ።

«ያቺን ፍላሽ ከየት አመጣሃት?»

«ከሱቅ ነዋ።»

«ኪቦርድ አለመሆኗን በምን አወቅህ?»

በመስታወቱ አየኝና ረዳቱን በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው። ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ያለውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ቢሮ እንደገባሁ ከጎባ የተሸከምኩትን የሥልጠና ጥራዝ፣ እሱ ራሱ የጡብ ያክል ይከብዳል፣ መሳቢያዬ ውስጥ ወርውሬ በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ባልደረቦቼን ሰብስቤ ማስፈራራት ጀመርኩ። «ኪቦርድ ነኝ ያለ ሁሉ ኪቦርድ አይደለም!» እያልኩ ገና አፌ ሳይሞቅ ከችፑዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«ያ ረቢ!»

ሮጠን ገባን። ኦቦ ጀማል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ወንበራቸው ላይ ተለጥፈዋል። ስክሪኑ ላይ ለሲናና ገበሬዎች ስለተላከው የስንዴ ዘር ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚጽፉት ሪፖርት ተከፍቷል። በሪፖርቱ ላይ ዜሮ እየሄደ ነው። አንድ ዜሮ አይደለም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ መስመሩን ሞልቶ ወደ ሚቀጥለው እየወረደ።

«አልነካሁትም! ወላሂ አልነካሁትም!»

እውነታቸውን ነው። ኪቦርዳቸውን ማንም አልነካውም። ምን ይደረግ ይላል ጥራዙ ብዬ ወደ ጠረጴዛዬ ተፈተለኩ፤ መሳቢያዬን ስቤ ጥራዙን አወጣሁና ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስኩ። ዜሮው ቆሟል።

«ሰነዱን ሲያይ ፈራ!» አሉ ኦቦ ጀማል።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አመንኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሊቅ ሆንኩ። ጥራዜን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ስቀመጥ የኦቦ ጀማል ኮምፒውተር ያብዳል፤ «ጀመረ!» ሲሉኝ ጥራዜን ይዤ ስደርስ ይታረቃል። ታምር የሚሠራ ሰው ሲሉኝ ሰማሁ። እኔም እንደ ታምረኛ ሰው መራመድ ጀመርኩ።

እንደ ወጉ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ እኔ። አባል ጋሽ በቀለ፣ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ። ጸሐፊ ሌንሳ፣ የኦቦ ጀማል ጸሐፊ።

ጋሽ በቀለ ለሥራ የተፈጠሩ ሰው ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ ከጠረጴዛ እስከ ወረቀት መብሻ፣ የንብረት ቁጥር ለጥፈውበታል። በመጀመሪያው ስብሰባ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ይሄ የምትለው ኪቦርድ ነኝ ባይ፣ ቁጥር አለው?»

«ጋሼ፣ እንዴት ቁጥር ይኖረዋል? ይሄ እኮ የቴክኖሎጂ ነገር ነው።»

«ቁጥር ከሌለውማ አገኘዋለሁ። ቆጠራ ይድረስ።»

በልቤ ሳቅኩባቸው። በቃለ ጉባኤም አላስገባሁትም።

እርምጃ መውሰድ ጀመርኩ። ማውስ የሚባል ነገር ከየቢሮው ሰብስቤ በካርቶን አሸግኩ። ስልክ ከኮምፒውተር ቻርጅ ማድረግ ከለከልኩ፤ በሮቤ ብርድ እጁን ከጋቢው አውጥቶ እኔን ለመስደብ ያልቸኮለ ሰው አልነበረም። ጧት ጧት በር ላይ ቆሜ ቦርሳ እየፈተሽኩ «ገመድ ይዘሻል? ገመድ ይዘሃል?» እላለሁ። ሰዉ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላም ሲለኝ እኔ «ኪስህን አሳየኝ» እለዋለሁ። ያየሁትን፣ የጠረጠርኩትን፣ የሰማሁትን እየጻፍኩ በቦክስ ፋይል አደርጋለሁ፤ ቦክስ ፋይሉን መሳቢያዬ ውስጥ ጥራዙ ላይ አስቀምጣለሁ። የሚያስደነግጠው ደግሞ ፋይሉ በወፈረ ቁጥር ኮምፒውተሩ እየባሰበት መሄዱ ነው። እንዲያውም ይህንኑ ጽፌ ፋይሉ ውስጥ ጨመርኩት።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ኦቦ ጀማል የላኩት ሪፖርት ውስጥ ያላዩዋቸው ዜሮዎች ቀርተው ኖሯል።

«ኦቦ ጀማል» አለ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው፤ ድምፁ ችፑዱን አልፎ ይሰማኛል፤ «ሲናና ላይ ዘራነው ያላችሁት ስንዴ እኮ አገሩን ጨርሶ ባሕር ላይ ደርሷል። ጥፋተኛው እስከ ዓርብ ይታወቅ። ደግሞ ብድሬ ላለው መጋዘን አንድ ሰው እንድትልኩ ብለን ነበር፤ ያው እሱን ላኩት።»

ብድሬ ክፉ አገር አይደለም። ያለበት መዳ ወላቡ ወረዳ ከብት የሚደልብበት፣ ገበያው የሚደምቅበት አገር ነው። ግን ሩቅ ነው። ለእኔ ሩቅ፣ ለሌንሳ ደግሞ የማይሆን ነበር። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ያኔ እኔም አውቀው ነበር፣ አለማወቅ ነው የመረጥኩት።

ማስረጃው ሁሉ ወደ ሌንሳ ያመለክታል። የኦቦ ጀማልን ኮምፒውተር ጧት የምታበራው እሷ ናት። ሳጥኑን ከአናቱ እስከ ጀርባው የሸፈነውን ነጭ ዳንቴል በእጇ የሠራችው እሷ ናት። የማንም ኮምፒውተር ያን ያህል ለብሶ አያውቅም። ፍላሽም አላት። ከኮሚቴው አስወጣኋትና መረመርኳት።

«ፍላሽ ሰክተሻል?»

«አዎ። የእናቴን የሕክምና ወረቀት ላትም።»

«ፍላሹ ኪቦርድ ነኝ ብሎሽ ያውቃል?»

«እኔን ምን ብሎ ያናግረኛል? ከዕቃ ጋር የምታወራው አንተ።»

ይህን ጻፍኩ። «ተጠርጣሪዋ መልስ ስትሰጥ ቁጣ አሳይታለች» ብዬ ጨመርኩበት።

ማክሰኞ ሌንሳ ፈቃድ ጠየቀች፤ በየሁለት ሳምንቱ እናቷን ለክትትል ጎባ ትወስዳለች። አልተቀመጥኩም። ቦክስ ፋይሌን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ጥራዙንም ጨመርኩ፤ ሁለቱን በብብቴ ይዤ ተከተልኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ገብቼ ፊቴን በፋይሉ ጋረድኩ። እናቷ ግን ዞር ብለው አዩኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ? የመሥሪያ ቤቷ ልጅ አይደለህም? ና፣ ከኋላ ያንገጫግጭሃል።»

ተጠጉልኝ። ከሲታ ናቸው፣ ሲተነፍሱ ይሰማል፤ ቢሆንም ተጠጉልኝ። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ፈተው በእጄ ሞሉልኝ።

«ሌንሳ ትነግረኛለች» አሉኝ። «እኛ ቢሮ ኮምፒውተር የሚያውቅ ጎበዝ ልጅ አለ ትለኛለች።»

ሌንሳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። እኔ እናቷ የሰጡኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ በልጃቸው ላይ ማስረጃ የምሰበስብ ሰው ነኝ። አፈርኩ። ማፈሬን ግን ፋይሉ ውስጥ አልጻፍኩትም።

ከጎባ ስመለስ ኦቦ ጀማል በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ዛሬ አንድም ጊዜ አልነካውም! ሰላም ዋለ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ልብ በሉ። ሌንሳ የለችም፤ ኮምፒውተሩ ሰላም ዋለ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? የዚያን ቀን እኔም እንዳልነበርኩ፣ ፋይሉም ጥራዙም በእኔ ብብት ሥር ጎባ እንደዋሉ፣ ያን ሁሉ ስመረምር ትዝ አላለኝም። ሪፖርቴን በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ አስገባሁ። «ግለሰቧ ከኮምፒውተር እንድትርቅ» ይላል መጨረሻው።

ሐሙስ ተነገራት። ትጮሃለች ብዬ ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም።

«እናቴንስ?» አለች ብቻ።

ኦቦ ጀማል ጠረጴዛቸውን አዩ። ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ብድሬ ተቀምጣ በየሁለት ሳምንቱ እናቷን ጎባ ማን ያመላልስላታል? ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ማታ ቤቴም አልተቀመጥኩም።

ዓርብ ዕለት የጋሽ በቀለ ቆጠራ ደረሰ። የሰኔ መጨረሻ ሲመጣ ጋሽ በቀለ መዝገባቸውን ታቅፈው፣ ሙጫቸውን በኪሳቸው ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፤ በዚያ ቀን ሥራ አስኪያጅም ቢሆን የሚታዘዘው ለእሳቸው ነው። ወደ ኦቦ ጀማል ቢሮ ሲገቡ ፋይሌንና ጥራዜን ታቅፌ ተከተልኳቸው። የሌንሳ የዝውውር ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ መታተም ብቻ ቀርቶታል። ሌንሳ ዳንቴሏን ከኮምፒውተሩ ላይ እያነሣች ነበር።

«እሱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፣ ቁጥር የለውም። ውሰጂው ልጄ» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ቅር ብሏቸው።

ዳንቴሉ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ያ ሳጥን ከስንት ጊዜ በኋላ ጀርባው ታየ። ጋሽ በቀለ ጎንበስ አሉ።

«ሞኒተር፣ አለ። ኪቦርድ፣ አለ። ማውስ?»

«ካርቶን ውስጥ ነው» አልኩ።

«ኧኸ። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አለ። ይሄስ?»

ከሳጥኑ ጀርባ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ተሰክታለች።

«ቁጥር የላትም» አሉ ጋሽ በቀለ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። «ከየት መጣሽ አንቺ?»

እኔ ከየት እንደመጣች አወቅኩ። አንዱ ጠርዟ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ የእኔ ጥርስ ነው፤ ከፕላስቲኳ ነክሼ ሳወጣት የቀረ። የገመድ አልባው ኪቦርዴ መቀበያ ናት። በመጋቢት ኪቦርዱን ስመልስ እሷን ነቅዬ አልወሰድኳትም። ሦስት ወር ሙሉ በዳንቴሉ ሥር ተደብቃ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ኪቦርዴ የሚነግራትን ሁሉ ለኦቦ ጀማል ኮምፒውተር ስትነግር ኖራለች። ጥራዙን ስጭንበት ቁልፎቹ ይጨፈለቃሉ። ፋይሉን ስጨምርበት ይብሳል። በሌንሳ ላይ የጻፍኩት እያንዳንዱ ገጽ ነበር ዜሮዋን ሲጫናት የከረመው!

ሊቁ ምን ይላል ብለው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ...» አልኩ፤ «ይሄ አዲስ አበባ ተልኮ መመርመር አለበት።»

አያችሁ ሰውነቴን! በዚያች ሰዓት እንኳ!

«ይላካል» አሉ ኦቦ ጀማል። «ደብዳቤው ግን ዛሬ ይወጣል፤ ምን ላድርግ፣ ስልክ እየደወሉ ነው።» እጃቸውን መቀበያዋን ሊነቅሉ ዘረጉ።

«እንዳይነኳት!» አሉ ጋሽ በቀለ። «ቆጠራ ሳያልቅ ዕቃ ከቦታው አይነሣም!»

ሌንሳ ዳንቴሏን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንንም አላየችም። እኔ የዚያ ቆሎ ጣዕም አፌ ውስጥ መጣብኝ። ወጥቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ፋይሉንና ጥራዙን ወለሉ ላይ ጣልኩ፣ መሳቢያውን ሳብኩ፣ ኪቦርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተመልሼ ገብቼ በአፌ ብናገር ወንድ ነበርኩ። አልሆነልኝም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ።

«ጀመረ! ያ ረቢ፣ ደብዳቤው ላይ ጀመረ!»

«ቆይ፣ ዜሮ አይደለም» የሌንሳ ድምፅ ነው። «‹እኔ ነኝ› ይላል።»

«ማነው እኔ?» አሉ ኦቦ ጀማል፣ ለኮምፒውተሩ።

ጻፍኩ።

ሌንሳ እያንዳንዱን ቃል እየጠበቀች አነበበች። «‹መዝገብ ቤቱ ነኝ። ኪቦርዱ የእኔ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ ፋይል ጭኜበት ነው። ሌንሳ ምንም አላደረገችም።›»

ልነሣ ስል ወንበሬ ሲንቋቋ ኦቦ ጀማል ሰሙኝ።

«ተቀመጥ!» ብለው ጮኹ። «አንድ ቀን እንኳ ተቀመጥ! እዚያው ሆነህ ደብዳቤውን አስተካክለው። አንተ ጀመርከው፣ አንተ ጨርሰው።»

ማውስ የለም፤ ማውሱን ካርቶን ውስጥ ያሸግኩት እኔው ነኝ። መጀመሪያ የተናዘዝኩትን አጠፋሁ፤ ከዚያ በቀስቶቹ ቁልፎች ግድግዳ እያየሁ ወደ ሌንሳ ስም መሄድ ነበረብኝ።

«ወደ ላይ» አለች ሌንሳ ከማዶ። «አሁንም ወደ ላይ። አለፍከው። ተመለስ። እዚያ ጋ፣ ቁም።»

ቆምኩ።

«አጥፋ። አጥፋ። አሁንም አጥፋ። ‹ሌ› ቀርታለች።»

አንዴ ነካሁ።

«ጠፋሁ» አለች።

በቦታው የራሴን ስም ጻፍኩ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። ጋሽ በቀለ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ኪቦርዴን አዩት፤ ሙጫቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«እሱም ቁጥር የለውም» አሉኝ። «የግሌ ነው ብትል ማስረጃ አምጣ። ያለ መውጫ ፈቃድ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ብድሬ አይሄድም።»

ማተሚያው እስኪያጉረመርም ጠበቅኩ። አላጉረመረመም። ከችፑዱ ማዶ የሌንሳ ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ አይታተም። የአባትህ ስም ቀርቷል።»

ጻፍኩት።